ጎታቿ መድፍ የላትም

«የልብ ሰባት» አለ ግንበኛው፤ ካርታውንም ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ ጣለው።

ሶፋ ሠሪዋ የቡና ፔርሙዝ ይዛ ከጀርባው ቆማለች። ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሸራው ሥር የተሰበሰቡት ወንዶች ካርታ መጫወታቸው አልከፋትም፤ ለቅሶ ቤት ቀኑ እንደ ድንጋይ ነው፣ ካልገፉት አይሄድም። ዓይኗ የቀረው ሌላ ነገር ላይ ነው። የወደቀው ካርታ ላይ ልብም ሰባትም የለም። ትልቅ ድስት ላይ ያጎነበሰ፣ ጢሙ ድስቱ ውስጥ ሊገባ የደረሰ ሽማግሌ ጠንቋይ ነው የተሣለበት። ሆዱ ላይ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ተደጋግሞ በተሰመረ ወፍራም ጽሕፈት፣ «የልብ 7» ተብሎ ተጽፎበታል።

ፔርሙዙን መሬት አስቀመጠችው።

«ይሄን ማነው የጻፈበት?»

ግንበኛው እጁ ላይ የቀሩትን ካርታዎች ደረቱ ላይ ለጠፋቸው፤ እሷ ግን ቀድማ አይታለች። ከመሀላቸው አንዷ የበረዶዋ ንግሥት ናት። ግንባሯ ላይ «ንጉሥ» ብለውባታል።

«እኔ ነኝ» አለ አጎቷ ከጠረጴዛው ራስ ሆኖ። «ምነው? ካርታው አራት ጎድሎ አገኘነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ፤ ከልጁ ሳጥን አራት አነሣሁ። ምን የሚያህል ክምር አለ እኮ። አራት ምን አላት?»

«አምጡ» አለችና እጇን ዘረጋች።

አንዱን ከጠረጴዛው አነሣች፣ ሁለተኛውን ከግንበኛው እጅ መነጨቀች፣ ሦስተኛውን አብሮ የሚጫወት አንድ ሾፌር ራሱ አቀበላት። አራተኛው አጎቷ ጋ ነበር። አጠገቡ ላሉት ሰዎች ጥቅሻ የመሰለ ነገር አሳያቸውና ሰጣት። «ውሰጂ ልጄ፣ ውሰጂ። ሐዘን ነው፤ እንረዳለን።»

ያቺ «እንረዳለን» የምትባል ቃል ናት ደሟን ያፈላችው። ምኑን ነው የተረዳው?

እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሄዱ እሷንና ታናሽ ወንድሟን ያሳደገ ይኸው አጎታቸው ነው። አልራቡም፣ አልታረዙም። ሐቁ ይነገር። እሱም ቢሆን ሐቁ እንዳይረሳ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ይናገረው ነበር። አሁንም ለቅሶውን የያዘው እሱ ነው፤ ሸራውን ያስተከለ፣ ወንበሩን ያስመጣ፣ መጪውን በር ላይ እየተቀበለ ስለ ሟቹ የሚተርክ እሱ። «ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ሰው ቀና ብሎ የማያይ» ይላል። ለቀስተኛው አንገቱን ይነቀንቃል። እሷ እቤት ውስጥ ሆና ትሰማና ጥርሷን ትነክሳለች። ዝምተኛ? ወንድሟ ክርክር ሲይዝ ጎረቤት መስኮት ይዘጋ ነበር።

ሰፈሩ በሙሉ «ሽቦ» ነበር የሚለው። አንድም ቀጭን ስለሆነ፣ አንድም አሳንሰር ጠጋኝ ስለሆነና ከኪሱ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው። የሞተው ሥራ ላይ ነው። አሳንሰሩ ቆሟል ብለው ጠሩት፤ መሣሪያውን ተሸክሞ በደረጃ ወጣ፣ ወጣና መሀል ላይ ቁጭ አለ፤ ሲያገኙት ልቡ ቆሞ ነበር። ይሄ ለወሬ ተመቸ። ትናንት አንዱ ለቀስተኛ ለጎረቤቱ «አሳንሰር ጠጋኙን ደረጃ ገደለው፤ ጉድ እኮ ነው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማችው፤ ጎረቤቱም ሳቁን ሲኒው ውስጥ ደበቀ። እሷ ያን ሰዓት ቡና እየቀዳች ነበር። ሲኒው ሞላ፣ ማስቀመጫው ሞላ፣ የሰውየው ሱሪ ደረሰው፣ እሷ አሁንም ትቀዳለች። «ይቅርታ» አለችው በኋላ፤ ፊቷ ላይ ግን ይቅርታ የሚመስል ነገር አልነበረም።

አራቱን ካርታ ይዛ ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች። አልጋው አጠገብ የብሎን ሳጥኑ አለ፣ ባለ ብዙ ክፍሉ። አንዱ ክፍል ብሎን፣ አንዱ ቡሽ፣ አንዱ ፊውዝ ነው፤ ትልቁ ክፍል ውስጥ ካርታዎቹ በላስቲክ ልባሳቸው ተደርድረው ተኝተዋል። አጎቷ አራቱን ሲያወጣ ልባሳቸውን ቀዶ ጥሎታል። ቅዳጁን ከወለሉ ላይ ለቀመች። እንባ ቢመጣ ባልጠላች፤ የሚመጣው ግን ንዴት ብቻ ነው። ሲቀበርም አላለቀሰችም፤ ሴቶቹ «ደረቀች» ብለው አምተዋታል።

ልጆች ሳሉ «ጎታቿ» የሚባል ተከታታይ ፊልም ነበር። ጎታቿ ትንሽ ጀልባ ናት፤ ባሕር ላይ የተበላሹ ትልልቅ መርከቦችን በገመድ እየጎተተች ወደብ ታደርሳለች። ፈገግታ የማታውቅ ካፒቴን አለቻት። ጆሮውን ቧንቧ ላይ ለጥፎ የሞተሩን ሕመም የሚያዳምጥ መካኒክ አላት። ሲናደድ ድስት የሚወረውር አብሳይ፣ ባሕር ላይ እየኖረ ውኃ የሚፈራ ውሻም አላት። ሁለቱ ልጆች ሳምንት ሙሉ የሚኖሩት ለዚያ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን የአጎታቸው ነው። ዜናው ከመጀመሩ በፊት የዜናው ሙዚቃ እንዳያመልጠው ቀደም ብሎ መጥቶ ጣቢያውን ይለውጣል። መርከቢቱ ማዕበል ላይ ተንጠልጥላ፣ ገመዱ ሊበጠስ ሲል፣ ቀጭ። አንድ ቀን እንኳን መጨረሻውን አይተው አያውቁም። ቢለምኑት፣ «ዓለም ምን እንደሆነ ማወቅ ይሻላችኋል» ይላል።

ስለዚህ መጨረሻውን አልጋቸው ላይ ሆነው ራሳቸው ይጨርሱታል። እሷ እልኸኛ ስለነበረች አንዳንዱን ታሰምጠዋለች። ሽቦ ይጮህባታል፤ እሱ ዘንድ ማንም አይሰምጥም። ውሻው እንኳ።

ካደገ በኋላ የካርታ ጨዋታ ያዘው። የቁማሩን አይደለም፤ ንግሥት፣ ጭራቅ፣ ዘንዶ የሚሣልበትን፣ እያንዳንዱ ካርታ የየራሱ ጉልበትና የየራሱ ሕግ ያለውን ነው። ተጫዋቹ ከስንት ሺህ ዓይነት መርጦ ስልሳ ካርታ ያሰናዳል፤ ዴክ ይሉታል። ብልጥ የሆነ ሰው ኃይለኛ ኃይለኛውን ይሰበስባል። ሽቦ ግን «ጎታቿን ዴክ አደርጋታለሁ» ብሎ ተነሣ። ጨዋታው ውስጥ ጀልባ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚመስል ፍለጋ ገባ። ከሥራ እንደወጣ፣ እጁ ግራሶ እንደሆነ፣ እሷ የሶፋ ጨርቅ ወደምትቆርጥበት ቤት ይመጣና መቁረጫው ላይ ካርታ ይዘረጋል።

«እትዬ፣ ይቺስ ካፒቴኗን አትመስልም?»

«ጥርሷን አሳይታለች። ካፒቴኗ መች ስቃ ታውቃለች? ውሰድልኝ።»

«ጉልበቷ ግን ስምንት ነው።»

«ስምንት ይሁን ሰማንያ። አይደለችም።»

አራት ወር እንዲህ ተከራከሩ። የበረዶዋ ንግሥት ካፒቴን ሆና የተሾመችው እሷ ከመረመረቻት በኋላ ነው። ጆሮውን አለት ላይ የጣለው ግዙፍ ሰው መካኒኩን ሆነ፤ ጭራውን የደበቀው የጨለማ ተኩላ ውሻውን። አብሳዩን ለማግኘት ስንት ሱቅ ዞሯል። ባገኘው ቀን መንገድ ላይ ሆኖ ደወለላትና፣ «ድስት ይዟል፣ እትዬ፣ ፊቱን ብታዪው፣ ሊወረውር ነው» አላት። የቀረው ሁሉ ሰንሰለት፣ ገመድና ማዕበል ነው፤ የወደቀውን ካርታ ጎትተው የሚያነሡ።

«በምን ልታሸንፍ ነው?» ብላዋለች አንድ ቀን። «የሚዋጋ የለህም።»

«ጎታቿ መድፍ የላትም» አላት። «ማን አሸንፋለሁ አለሽ?»

ዴኩን ያየ ከእሷ በቀር ሰው የለም። በየሳምንቱ አብሮት ከሚጫወተው ከሰዓት ሠሪው እንኳ ደብቆ፣ «ቅዳሜ ታያታለህ» ሲለው ነው የከረመው። ሐሙስ ዕለት ደረጃው ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከእቤት ስትወጣ አጎቷ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ሽቶና ጥጥ ይዞ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አራቱ ካርታዎች እንደገና ከሳጥኑ ወጥተው ፊቱ ተዘርግተዋል።

«ላጠፋልሽ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ሽቶ ቀለም ያስለቅቃል። ስትናደጂ አይቼ አንጀቴ አልቻለም።»

ሮጣ ደረሰች። ሦስቱ ገና አልተነኩም። አብሳዩ ግን አለቀለት። ፊት የለ፣ ጢም የለ፣ ድስቱ ግራጫ ጭቃ ሆኗል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄኛው ወረቀት ሽማግሌውን ለቆ የአጎቷን ጽሕፈት ይዞ ቀርቷል። «የልብ 7» ትንሽ ገርጥታ ቦታዋ ላይ አለች።

«አንተ» አለችው።

ሸራው ሥር ሲኒ ሲቀመጥ ተሰማ። በሕይወቷ ሙሉ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ከማለት ውጭ ምላሷ ወደ ሌላ ሄዶ አያውቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው እጅህን የምትሰበስበው? ልጆች ሆነን ከዓይናችን ላይ ነጠቅኸን። አሁን ደግሞ ሞቶ እንኳ አልተውከውም። ባልበላውም ጭሬ ልበትነው አለች ዶሮ።»

የአጎቷ ጆሮ ቀላ። መነጽሩን አወለቀ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጩኸት ግን ይብሳል።

«ሰው ፊት እንዲህ ታዋርጂኝ? ያሳደግኩሽን ሰውዬ? ነገሩን ከፈለግሽ ልንገርሽ። በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። 'ሚስት ነበረችው?' ይሉኛል፣ የለም። 'ልጅ?' የለም። 'ምን ትቶ ሄደ?' ሲሉኝ ምን ልበል? መጫወቻ ልበል? ሥዕል ያለበት ካርቶን ልበል? ዝምተኛ ነበር እያልኩ ስሙን የሸፈንኩለት እኔ። ነገ ዕቃው ሲወጣ ያ ሳጥንም አብሮ ይወጣል። አለቀ።»

«ስሙን ማን ሸፍንልኝ አለህ?» አለች። ከዚያ ዞረችና ወንበሮቹን በዓይኗ ፈተሸች።

ሰዓት ሠሪው መጨረሻው ወንበር ላይ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በየዕለቱ ይመጣል፣ እዚያው ይቀመጣል፣ ከማንም ሳይነጋገር ይሄዳል። ቦርሳው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ና» አለችው። «የቅዳሜውን ጨዋታ አሁን እንጫወተው።»

«እዚህ?» አለ ዙሪያውን እያየ።

«እዚህ። ነገ ይወጣል ሲባል ሰምተሃል። ጎታቿ አንድ ቀን እንኳ ሳትጫወት አትወጣም።»

ሰዓት ሠሪው ቦርሳውን ከፈተ። የራሱ ዴክ እዚያው ውስጥ ነበር። «ለቅዳሜ ካስገባሁት ወዲህ አላወጣሁትም» አለ፤ እንዳፈረ ሰው መሬት መሬት እያየ። ፊቱ የጠፋውን አብሳይ አንሥቶ አገላበጠውና ግንባሩን ቋጠረ። «እትዬ፣ እኛ ጋ የተጻፈበት ካርታ አይገባም። ሌላ ላምጣልሽ፤ ሱቁ ሞልቷል፣ ውድም አይደለም።»

«ሽቦ የመረጠው ይሄን ነው።»

ካርታውን ትንሽ አየው። «እንግዲህ ዳኛ የለብን» አለና ልባስ አውጥቶ አለበሰው፤ ከዚያ ተቀመጠ።

የአጎቷ ሚስት ከእቤት ወጥታ ደረቷን ያዘች። «ሐዘንተኛ ተቀምጣ ካርታ ትጫወት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ከመጣ ጀምሮ ሲጫወት ነበር» አለቻት ሶፋ ሠሪዋ፤ ካርታውን መበወዝ ጀመረች።

መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ነገር በዓይን ይገባል አይደል፣ ቆይተው አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየጎተቱ ቀረቡ። ግንበኛው ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አሰገገ። ካፒቴኗ ስትወጣ፣ ግንባሯ ላይ «ንጉሥ» እንዳለ ሲያይ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ይቺ... ማናት?» አለ።

መልስ ልትነፍገው አስባ ነበር። «ካፒቴኗ ናት» አለች በቁጣ። «ንጉሥ አይደለችም።»

ከዚያ በኋላ ካርታ ባወጣች ቁጥር ማንነቱን ይጠብቃሉ፤ እሷም እየተቆጣች ትነግራቸዋለች። ሰዓት ሠሪው በወታደሮቹ ይመታል፣ እሷ የወደቀውን በገመድ ትጎትታለች። እንደገና ይመታል፣ እንደገና ትጎትታለች። ተኩላው ጭራውን ደብቆ ሲወጣ ሰዓት ሠሪው ሳይነገረው ሳቀ። «ውኃ የሚፈራው» አለ። «አይ ሽቦ። ከየት አገኘው?» የሳቀው ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሶ አፉን በእጁ ያዘ፤ ማንም ግን አልተቆጣውም።

ጨዋታው ረዘመ። ሰዓት ሠሪው ፊት የእሳት ዘንዶ ከተቀመጠ ቆየ። አንዴ ቢያንቀሳቅሰው ያልቃል፤ አያንቀሳቅሰውም። እሷም ገባት።

«ለምንድን ነው የማትመታኝ?»

«እመታለሁ፤ ቆይ።»

«ምታ ብዬሃለሁ። ሐዘንተኛ ናት ብለህ አትለፈኝ።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለ። «አራት ወር ደብቆኛል። ሁሉንም ማየት እፈልጋለሁ። አሁን ብመታሽ ያልወጣው ሳይወጣ ይቀራል።»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣውን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች። ይሄም ራሱ አናደዳት። መዘዘች።

የመጣው አብሳዩ ነው። ፊት የሌለው፣ ድስት የሌለው፣ ነጭና ግራጫ አብረቅራቂ ወረቀት፣ መሀሉ ላይ ሰባት። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ማንም «ይሄ ማነው?» ሊል አልደፈረም።

«ድስት የሚወረውረው ነው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

አጎቷ ነው። መቼ መጥቶ እንደቆመ አላየችም።

ዞር ሳትል «በምን አወቅህ?» አለችው።

«ከመኝታ ክፍሌ ይሰማ ነበር። እናንተ ደግሞ ትስቁ ነበር።»

«መጨረሻውንስ ታውቀዋለህ?»

አጎቷ አሰበ። የእውነቱን ነው፣ አሰበ። «መጨረሻው ላይማ ዜና ነበር» አለ።

ሾፌሩ ሊስቅ ብሎ ተወው። እሷ አንገቷን ወዘወዘች፣ ካርታዋን አየች። ከሰውየው ጋር መታረቅ በዚያን ሰዓት ሐሳቧ ውስጥ አልነበረም፤ ሂድ ግን አላለችውም። ቆመ።

ግንበኛው ወደ ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብሎ «እንዲህ ከሆነ መቼ ነው የሚያበቃው?» አለው።

«የሚመዘዝ ሲያልቅ» አለ ሰዓት ሠሪው። «ተራህ ደርሶ የምትመዝዘው ካጣህ አበቃ።»

አንድ ገመድ ወጣላት፤ ባሕር የወደቀውን መካኒክ አነሣችበት። ማዕበል ወጣላት፤ ዘንዶው አንድ ዙር ተኛ። ከዚያ ሌላ ገመድ መጣ። ውሻው ወድቆ ነበር፣ በዚያ ጎተተችው። ሰዓት ሠሪው አሁን መምታቱን ትቶ እያንዳንዱን ካርታ ሲወጣ በጣቱ ጫፍ ወደ ራሱ አዙሮ ያየዋል፤ ሥዕሉን፣ ጠርዙን፣ ሽቦ በጥፍሩ ያጠበቀውን የልባሱን አፍ። ሲጨርስ መልሶ ያዞርላታል። «አሳለፍኩ» ይላል። «ተራሽ ነው።»

ሰንሰለት መዘዘች። አብሳዩ ቀድሞ ወድቆ ነበርና በሰንሰለቱ አነሣችው፤ ከካፒቴኗ ጎን አስቀመጠችው። አሁን ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ካፒቴኗ ግንባሯ ተጽፎበት፣ መካኒኩ ጆሮውን አለቱ ላይ ጥሎ፣ ውሻው ጭራውን ደብቆ፣ አብሳዩም ፊት ሳይኖረው። አንድም የሰመጠ የለም። ሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያቸዋል።

ሰዓት ሠሪው ዘንዶውን አየው፣ እሷን አያት።

«አሳለፍኩ» አለ።

ተራዋ ነው። መጀመሪያ መምዘዝ ነው። ዓይኗ ጎታቿ ላይ እንዳለ እጇ ረፋዱን ሁሉ ሲመላለስ ወደነበረበት፣ የሚመዘዘው ክምር ወደነበረበት ወደ ቀኟ ሄደ፤ የሶፋ መርፌ ያደነደነው ጣቷም ባዶውን የጠረጴዛ ላስቲክ ነካ። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ሲለጠፍ የሚነሣው ጠርዙ በጥፍር ተፈልጎ ነው። ጥፍሯን አስገብታ ጠርዙን ፈለገች። ሰዓት ሠሪው አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ትንሽ ወደ ግራ አድርጋ ፈለገች፤ ትንሽ ወደ ቀኝ። አጎቷ እጇን ሊይዛት ከኋላዋ ጎንበስ አለ፤ በክንዷ ገፋችውና እንደገና ፈለገች።